ከሲራራ እስከ ኮንቴይነር፦ የጎንደር ነጋዴ ቤተሰብ የባሕር ንግድ ታሪኩን እንዴት ሊጽፍ ይችላል?

ጎንደር ውስጥ ከሦስትና ከአራት ትውልድ በላይ በንግድ የኖረ ቤተሰብ ታሪኩን ለመጻፍ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዘር ቆጠራ ነው። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ሱቅ ከፈተ እየተባለ ይቀጥልና ሦስተኛው ገጽ ላይ የሚጻፍ ነገር ያልቃል። እኔም የእናቴን ወገን የንግድ ቤት ታሪክ ለማዘጋጀት ስነሣ የጀመርሁት በዚሁ መንገድ ነበር፤ ሥራው ፈር የያዘልኝ ግን የሰዎቹን ስም ለጊዜው አቆይቼ ዕቃው በየትኛው ወደብ ይገባና ይወጣ እንደ ነበር መጠየቅ ከጀመርሁ በኋላ ነው። የቅድመ አያቴ ዓይን ምጽዋ ላይ፣ የአያቴ አሰብ ላይ፣ የአጎቴ ደግሞ ጅቡቲ ላይ ነበር። ከሦስቱ አንዳቸውም መርከብ አልነበራቸውም፤ ቅድመ አያቴማ ከጣና ሌላ ሰፊ ውኃ ሲያዩ ልባቸው ይሸበር ነበር ይባላል። ያም ሆኖ የቤቱ ትርፍና ኪሳራ የሚቆረጠው ጎንደር ገበያ ላይ ሳይሆን በባሕሩ ጠረፍ ነበር። ከዚህ በታች የማቀርበው አሠራር ወደብን ምዕራፍ አድርጎ የቤተሰብን የንግድ ታሪክ መጻፍ የሚቻልበትን መንገድ ነው።

ወደቦቹን በየዘመናቸው ማስቀመጥ

አንድም ሽማግሌ ከመጠየቅዎ በፊት ሰፊ ወረቀት ያዘጋጁና በግራ በኩል ዓመተ ምሕረቱን፣ በመካከል ወደቡን፣ በቀኝ በኩል በዚያ ዘመን ቤቱን ይመራ የነበረውን ሰው የሚጽፉባቸው ሦስት ዐምዶች ያስምሩ። የመካከለኛው ዐምድ ከቤተሰቡ ትዝታ ሳይሆን ከአገሪቱ ታሪክ የሚሞላ ስለ ሆነ አስቀድመው እርሱን ይጨርሱ።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሩ ምጽዋ በኦቶማን ቱርኮች እጅ ከገባ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ነበር። ከተማዪቱ ከተወለደች ጀምሮ የነገደችው ሌላ ሰው በያዘው በር ነው ማለት ይቻላል። በደቡብ ምዕራብ ካለችው ከእናርያና ከአካባቢው የሚመጣው ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና በጎጃም በባሶ ገበያ፣ ከዚያም በይፋግና በደሪጣ በኩል ጎንደር ይደርሳል፤ ከጎንደር ደግሞ ወገራን አቋርጦ፣ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮና ዐድዋ ላይ ዐርፎ ወደ ምጽዋ ይቀጥላል። በመልሱ ጨርቅ፣ ሐር፣ ዶቃ፣ ብርጭቆ፣ ኩልና የጦር መሣሪያ ይመጣል። ተከዜ ክረምት ላይ ስለሚሞላ የሲራራ ነጋዴው ጉዞ የበጋ ጉዞ ነበር፤ ስለዚህ ቅፍለቱ፣ ማለትም አብሮ የሚጓዘው የነጋዴዎች ጭፍራ፣ በሐምሌ ከምጽዋ ተነሥቶ በነሐሴ ጎንደር ገባ የሚል ትረካ ቢያጋጥምዎ ወሩን ደግመው ይጠይቁ።

የጉዞውን ርዝመት ሲገምቱም ከእርምጃው ይልቅ የኬላውን ቆይታ ያስቡ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በመስከረም 1762 ዓ.ም. ምጽዋ ወርዶ ጎንደር የገባው በየካቲት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሁለት ወር ያህሉን የበላበት መንገዱ ሳይሆን የወደቡን መግቢያ ይዞ የነበረው የሕርጊጎው ናይብ፣ ማለትም የአካባቢው ሹም ነው። ለአንድ እንግዳ እንዲህ ከሆነ ዝሆን ጥርስና ሰም ጭኖ ለመጣ ነጋዴ ደጅ ጥናቱ ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው መገመት አያዳግትም። በዚያው ልክ የጎንደር ሰው የባሕር ግንኙነት በቀይ ባሕር ብቻ ያበቃ ነበር ብለው እንዳይወስኑ፤ ኮጃ ሙራድ የተባለው አርመናዊ ነጋዴ የጎንደር ነገሥታት መልእክተኛ ሆኖ የሆላንዶች የምሥራቅ ኢንድያ ኩባንያ መቀመጫ እስከ ነበረችው ባታቪያ፣ ማለትም እስከ ዛሬዪቱ ጃካርታ ድረስ ከአንድ ጊዜ በላይ ተመላልሷል።

ሁለተኛው በር ምዕራብ ነው፤ በጭልጋና በወህኒ አድርጎ መተማ፣ ከመተማ ሱዳንን አቋርጦ ሱዋኪን። ፖርት ሱዳን በ1901 ዓ.ም. በይፋ ከተከፈተ በኋላ የሱዋኪን ሥራ ወደ አዲሱ ወደብ ስለ ዞረ፣ ከዚያ ወዲህ ባለው ትረካ ሱዋኪን የሚል ስም ቢሰሙ አሮጌው ስም በልማድ ቀጥሎ ሊሆን እንደሚችል በኅዳግ ያስፍሩ። የጎንደር ሙስሊሞች ሰፈር የሆነችው የአዲስ አለም ነጋዴዎች ዘር የሆኑ ቤተሰቦች ሐጅንና ንግድን በአንድ ጉዞ ያጣመሩ አያቶች ሊኖሯቸው ይችላል፤ ለእነርሱ ይህ በር ከምጽዋው እኩል ምዕራፍ ይገባዋል።

ኅዳር 1862 ዓ.ም. በዐምድዎ ላይ በቀይ ሊጻፍ የሚገባው ወር ነው። የስዊዝ ቦይ ለመርከቦች የተከፈተው፣ አሰብንም ሩባቲኖ ለተባለው የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ ለማስገኘት ጁሴፔ ሳፔቶ ከአካባቢው ሱልጣኖች ጋር የተዋዋለው በዚያው ወር፣ በሁለት ቀን ልዩነት ነው። ያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ ይህን ያስተዋለ ሰው ስለ መኖሩ እጠራጠራለሁ፤ ከተማዪቱ ከሦስት ዓመት በፊት በ1859 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ተዘርፋና ተቃጥላ ገና አላገገመችም ነበር። ቀጥሎ በጥር 1877 ዓ.ም. ጣሊያን ምጽዋን ያዘ፣ በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደር ገብቶ ከተማዪቱን አቃጠለ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። በዐምድዎ ላይ ሁለቱም በሮች በአንድ ዐሥር ዓመት ውስጥ ሲናወጡ ያያሉ፤ አብዛኞቹ የጎንደር ቤተሰቦች የሚያስታውሱት የመጀመሪያው ነጋዴ አያት ከዚህ ዘመን በኋላ የተነሣ የሚሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ በፊት የነበረው ቤት፣ ወረቀቱና ምስክሩ አብሮ ጠፍቷል።

የቀረውን በፍጥነት መሙላት ይቻላል። ጣሊያን ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የወጣው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመካከሉ ከአስመራ ጎንደር በሊማሊሞ የተሠራው የመኪና መንገድ አጋሰሱን ከሥራ አስወጣው። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ምጽዋና አሰብ ከኢትዮጵያ ዘውድ በታች ሆኑ፤ በ1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት ተቋቋመ። የስዊዝ ቦይ ከግንቦት 1959 እስከ ግንቦት 1967 ዓ.ም. ተዘግቶ ስለ ነበር ከአውሮፓ የሚመጣ ዕቃ አፍሪካን ዞሮ ይመጣ ነበር፤ አያትዎ በእነዚህ ዓመታት ዕቃው ዘገየ እያሉ ያማረሩበት ደብዳቤ ካገኙ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶችን መውረሱ መጋዘንና ኪራይ ለነበረው ነጋዴ ሁሉ የራሱ ምዕራፍ ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ የአሰብ በር ተዘጋ፣ ሥራውም ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በ2004 ዓ.ም. የመርከብ፣ የትራንዚትና የደረቅ ወደብ ድርጅቶች ተዋሕደው የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ከሆኑ ወዲህ ደግሞ የጎንደር አስመጪ በመልቲሞዳል፣ ማለትም ባሕሩንም የብሱንም በሚሸፍን በአንድ ውል የሚያስመጣውን ኮንቴይነር እንደ ሞጆ ባለ በአገር ውስጥ በሚገኝ ደረቅ ወደብ ይረከባል፤ ባሕሩ በወረቀት ብቻ የሚታወቅ ነገር ሆኗል።

ሽማግሌን ስለ ታሪክ አለመጠየቅ

የመካከለኛው ዐምድ ሲሞላ ወደ ሰዎቹ ይሂዱ። እኔ የሠራሁት ትልቁ ስሕተት ዘጠና ዓመት የተጠጉትን የእናቴን አጎት ቁጭ አድርጌ “አባባ፣ እስቲ የቤታችንን ታሪክ ይንገሩኝ” ማለቴ ነው። ታሪክ የሚለው ቃል እንደ ተነሣ ሰውዬው ቀና ብለው ተቀመጡና ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ተረኩልኝ፤ ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልወጣቸውም። በሌላ ቀን ግን “አባባ፣ ጭነቱ ሊማሊሞ ሲደርስ የት ያድር ነበር?” ብዬ ስጠይቃቸው ሰባቱን ማደሪያ በስም ቆጠሩልኝ፤ የትኛው ጋ ጅብ እንደሚያስቸግርና የትኛው ጋ ጠላ እንደሚገኝ ሳይቀር።

ስለዚህ ጥያቄዎ ሁልጊዜ ዕቃ፣ ቦታ ወይም ዋጋ ይሁን። ቀረጡ ለማን ይከፈል ነበር? ቡናው በፈረሱላ ነው በጆንያ የሚሸጥ? ዋሱ ማን ነበር? የሞተ አጋሰስ ጭነት እንዴት ይነሣ ነበር? ምጽዋ ላይ ደላላው ዐረብ ነበር ወይስ ባንያን የሚባለው የሕንድ ነጋዴ? ከአሰብ ዕቃ መድረሱን ጎንደር ላይ በምን ያውቁ ነበር፤ በቴሌግራም፣ በሾፌር ቃል፣ ወይስ ዕቃው ራሱ ከደጅ ሲቆም? እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰውን ከክብር ወንበሩ አውርዶ ወደ መጋዘኑ ይመልሰዋል።

ሴቶቹን ለብቻቸው ይጠይቁ። ይህን የምለው ለይምሰል አይደለም። ወንዶቹ በዓመት አምስትና ስድስት ወር መንገድ ላይ በሚያሳልፉበት ቤት ሱቁን የምትጠብቀው፣ ዱቤውን የምታስታውሰው፣ ለማን ብድር እንደተሰጠና ማን እንዳስቀረ የምታውቀው የቤቱ እመቤት ናት። በእኛ ቤት መጽሐፍ የማታውቀው ሴት አያቴ የሃያ ሁለት ባለዕዳ ሒሳብ በቃሏ ትይዝ እንደ ነበር የነገሩኝ ልጆቿ ሳይሆኑ ከባለዕዳዎቹ የአንዱ ልጅ ናቸው። ስለዚህ የቀድሞ ደንበኞችንና ተፎካካሪ ነጋዴዎችንም ይጠይቁ፤ ተፎካካሪ አንዳንዴ ከዘመድ ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

ዓመት በቀጥታ አይጠይቁ። ሰው የሚያስታውሰው ድርቡሽ የገባ ጊዜ፣ ክፉ ቀን፣ ጣሊያን የገባ ጊዜ፣ ትርፍ ቤት የተወረሰ ጊዜ እያለ ነው። ከእነዚህ መካከል ክፉ ቀን ለባሕር ንግድ ታሪክ ልዩ ትርጉም አለው፤ በ1880 ዓ.ም. ገደማ የጀመረውና የአገሪቱን ከብት የፈጀው በሽታ በምጽዋ በኩል ከመጡ ከብቶች ጋር እንደ ገባ ይታወቃልና፣ ወደቡ ለአያቶቻችን ጨርቅና ኩል ብቻ አላመጣላቸውም። ከክስተቱ በኋላ “ያን ጊዜ መጾም ጀምረው ነበር? አግብተው ነበር?” ብለው ቢጠይቁ ዕድሜንና ዓመትን ከአንድ ሁለት ዓመት በማይበልጥ ስሕተት ማስተካከል ይቻላል። አንድን ነገር ከሁለት ሰው ሳይሰሙ እንደ እርግጠኛ አይጻፉት፤ ሁለቱ ሰዎች ከአንድ ሦስተኛ ሰው የሰሙት ከሆነ ግን ያው አንድ ምስክር ናቸው።

ሳጥኑን መክፈት

በብዙ ቤት አንድ ሳጥን አለ። በውስጡ ያለውን ከማንበብ በፊት እንደ ተገኘበት ቅደም ተከተል ፎቶ ያንሡት፤ የሁለት ወረቀት አብሮ መታጠፍ ራሱ መረጃ ነው። ከዚያ በእርሳስ ቁጥር በሰጡት ንጹሕ ፖስታ ውስጥ ያስቀምጡ። ላሚኔት አያስደርጉ። እኔ አንድ የ1930ዎቹ ደረሰኝ እንዲጠበቅልኝ ብዬ ላሚኔት አስደርጌ ሙቀቱ ማኅተሙን አደብዝዞት ቀርቷል፤ ይህን ያደረግሁት በገዛ እጄ ስለ ሆነ የምወቅሰው ሰው የለም።

ወረቀት ዓመት ባይጻፍበትም ገንዘቡ ዘመኑን ይናገራል። ጎንደር ላይ የተጻፈና ዋጋው በሊሬ ከሆነ ከ1928 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ከሆነ እንግሊዞች ከገቡበት ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የነበሩት ጥቂት ዓመታት ናቸው፤ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አዲስ የወረቀት ብር ወጥቷል። በማርትሬዛ ብር የተጻፈ ከሆነ ግን ይጠንቀቁ። በሳጥኑ ውስጥ ማርትሬዛው ራሱ ቢገኝና 1780 የሚል ቢያነቡ ቤተሰብዎ በዚያ ዘመን ሀብታም እንደ ነበረ ማስረጃ አይሆንም፤ 1780 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለመቶ ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ወጥቷል። ይህን ባለማወቅ የቤቱን ታሪክ በመቶ ዓመት ወደ ኋላ የወሰደ ጽሑፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

የዘመን አቆጣጠር ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ነው። በአንድ የንግድ ሳጥን ውስጥ አራት አቆጣጠር ሊገኝ ይችላል። የእኛን ወደ አውሮፓውያን ለመመለስ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ይጨምራሉ። የሂጅራው ዓመት ከፀሐዩ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚያንስ ሠላሳ ሦስት የሂጅራ ዓመት ሠላሳ ሁለት የፀሐይ ዓመት ገደማ ነው፤ ለመነሻ ያህል 1300 ሂጅራ የገባው በኅዳር 1875 ዓ.ም. እንደ ሆነ ቢይዙ ሌላውን ከዚያ ማስላት ይችላሉ። በጣሊያን ዘመን ወረቀት ላይ ደግሞ ከተለመደው ዓመት አጠገብ በሮማውያን ቁጥር የተጻፈ ሌላ ትንሽ ቁጥር ያያሉ፤ ይህ ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. የሚቆጠረው የፋሺስቶች ዘመን ነው፤ 15ኛው ዓመት ማለት ከጥቅምት 1929 እስከ ጥቅምት 1930 ዓ.ም. ያለው ነው። ዋናውን ቁጥር እንደ ተጻፈ ያስቀምጡ፣ ስሌቱን በቅንፍ ከአጠገቡ ይጻፉ፤ ሲሳሳቱ ሌላ ሰው ሊያርምዎ የሚችለው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው።

ከፌዴሬሽን ወዲህ ላለው ዘመን ከሁሉም የከበረው ወረቀት ነጋዴዎቻችን ቢል ኦፍ ሎዲንግ የሚሉት የመርከብ ጭነት ሰነድ ነው። ላኪውን፣ ተቀባዩን፣ የመርከቡን ስም፣ ዕቃው የተጫነበትንና የሚራገፍበትን ወደብ፣ የጥቅሉን ብዛትና ምልክት በአንድ ገጽ ይሰበስባል። ምልክቱን ችላ አይበሉት፤ በጆንያውና በሣጥኑ ላይ በቀለም የሚጻፈው የነጋዴው ምልክት፣ ሁለት ሦስት ፊደልና አንዳንዴ ክብ ወይም ሦስት ማዕዘን፣ የቤቱ ማኅተም ያህል ነው። በእኛ ቤት የአያቴ ምልክት ከሞቱ በኋላም ሃያ ዓመት ያህል አገልግሏል፤ ልጆቹ ስሙን ቀይረው ምልክቱን አልቀየሩም። የመርከቡን ስም ካገኙ ደግሞ ሎይድስ ሬጅስተር በየዓመቱ በሚያወጣው የመርከቦች መዝገብ ውስጥ የተሠራበትን ዓመት፣ ባለቤቱንና የጭነት መጠኑን መፈለግ ይቻላል፤ የቆዩት ቅጾች በኢንተርኔት ይነበባሉ። አንድ ስም ያላቸው ብዙ መርከቦች ስላሉ ዓመቱና አገሩ ካልገጠመ አይቸኩሉ።

ከሳጥኑ ውጭ ያለው መረጃ የት ይገኛል? ለአሮጌው ዘመን የጎንደር አድባራት መጻሕፍት ኅዳግ አለ፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቤትና የመሬት ሽያጭ ከነምስክሮቹ ስምና ከነዋጋው፣ ብዙ ጊዜም በወቄት ወርቅ እየተቆጠረ፣ በዚያ ይመዘገብ ነበር። የደብሩን አስተዳዳሪ ፈቃድ ጠይቀው፣ ግእዝ የሚያነብ ሰው ይዘው ይሂዱ። ለቅርቡ ዘመን አዲስ አበባ የሚገኙት ወመዘክር የሚባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት እንዲሁም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ እዚሁ ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አሉ።

የስም ጉዳይም አለ። የአባት ስም በየትውልዱ ስለሚቀየር የንግድ ቤቱ ስም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ በወረቀት ላይ ሌላ ድርጅት ይመስላል። አንድ ሰው የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የገበያ ቅጽል፣ ምናልባትም ጣሊያን ጸሐፊ እንደ ሰማው የቆራረጠው አራተኛ ስም ይኖረዋል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ አዘጋጅተው የሚያገኙትን ስም ሁሉ ከነምንጩ ይጻፉበት። ነጋድራስ ተብሎ የተጠራ ሰው ቢያገኙም ማዕረጉን ይመርምሩት፤ ቃሉ ለቅፍለት መሪም ለቀረጥ ሹምም ያገለገለ ስለ ሆነ አያትዎ ቀረጥ ከፋይ ነበሩ ወይስ ተቀባይ የሚለው ትልቅ ልዩነት አለው።

ማንም ሊያነሣው የማይወደው ጭነት

ከሁለት ትውልድ በላይ ወደ ኋላ ሲሄዱ አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። በምጽዋና በመተማ በሮች የወጣው ቡናና ዝባድ ብቻ አይደለም፤ ሰውም ወጥቷል። ከደቡብና ከምዕራብ ተይዘው የመጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በእነዚሁ መንገዶች ተነድተው ባሕር ተሻግረዋል። በ1916 ዓ.ም. የባሪያ ነጻነት ሕግ ወጥቷል፣ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ደግሞ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። የሲራራ ነጋዴ የነበረ ቤተሰብ ሁሉ በዚህ ሥራ ገብቷል ማለት ሐሰት ይሆናል፤ የእኛ ቤት አልነካውም ብሎ ሳይመረምሩ መጻፍም እንዲሁ ሐሰት ነው።

እኔ የምመክረው እንደሚከተለው ነው። ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን አይጠይቁ፣ ሳይጠይቁም አይተዉት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጉብኝት፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ “በቤቱ ያደጉ ሰዎች ነበሩ ወይ? ከየት መጡ?” ብለው በለዘበ ቃል ይጀምሩ። በብዙ ቤት “በቤት ያደገ” የሚለው አነጋገር ሌላ ነገር ይሸፍናል። ያገኙትን መልስ ሳያሳምሩም ሳያከፉም ይጻፉ፤ የጨርቁን ዋጋ በጻፉበት ቀለም የሰውንም ዋጋ ይጻፉ። የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ ጎረቤቶቻችንና ዘመዶቻችን ስለ ሆኑ ስማቸውን ያለ ፈቃዳቸው አያውጡ። በእኛ ጽሑፍ ላይ ይህ ክፍል አንድ ገጽ ተኩል ሲሆን፣ ከዘመዶቼ መካከል ሁለቱ እርሱ እስካለ ድረስ ስማችን አይግባበት ብለዋል። ስማቸው አልገባም፤ ገጹ ግን አለ።

መጻፍና ማስነበብ

ምዕራፎቹን በወደብ ይክፈሉ። አንድ ወደብ ሲዘጋ ሌላው በማግስቱ እንደማይከፈት፣ በመካከሉ ቤቱ የኖረበት ክፍተት እንዳለ ያስታውሱ፤ ከታሪኩ ሁሉ ጣዕም ያለው ብዙ ጊዜ ይኸው ክፍተት ነው። አጎቴ በ1990 ዓ.ም. አሰብ የቀረባቸውን ዕቃ ሲጠብቁ የኖሩበት ዓመት ከዚያ በኋላ ከጅቡቲ ካስገቡት ኮንቴይነር ሁሉ ይበልጥ ስለ ሰውዬው ይናገራል።

የድሮውን ገንዘብ ወደ ዛሬ ብር አይቀይሩ፤ የሚያገኙት ቁጥር ምንም አይናገርም። ይልቁንስ በዚያው ዘመን በነበረው ነገር ይለኩት፤ ያ ሁለት መቶ ማርትሬዛ ስንት በቅሎ ይገዛ ነበር፣ ስንት አሞሌ ይመነዘርበት ነበር? ሚዛኑንም አንድ ጊዜ ያስረዱ፤ ወቄት የአንድ ማርትሬዛ ክብደት፣ ሃያ ስምንት ግራም ያህል ነው፣ የቡና ፈረሱላ ዐሥራ ሰባት ኪሎ ገደማ ነው፤ ፈረሱላ ግን እንደ ቦታውና እንደ ዕቃው ከፍና ዝቅ ይል ነበርና ከሰነድዎ ጋር ያመሳክሩት። ስለ ዕቃው መለዋወጥም አንድ ክፍል ይስጡ፤ የብዙ ጎንደሬ ቤቶች መንገድ ከሰምና ከቡና ወደ ቆዳ፣ ከቆዳ ወደ ሑመራና መተማ ሰሊጥ የሚሄድ ሲሆን፣ ወደቡ ሲቀየር ዕቃውም አብሮ የተቀየረበት ጊዜ የትኛው እንደ ሆነ መመርመር ጽሑፉን ከትረካ ወደ ታሪክ ያሻግረዋል።

ረቂቁ ሲያልቅ ከማሳተምዎ በፊት ቤተሰቡን ሰብስበው ጮክ ብለው ያንብቡት። ቡና ይፈላ፣ ሕፃናቱም ይቀመጡ። ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ከአጠገብዎ ይኑር፤ እርስዎ ሲያነቡ የሰው ፊት ማየት አይችሉም። በእኛ ቤት ንባብ ዕለት የምጽዋውን ምዕራፍ ሳነብ፣ በመጨረሻው ጉዞ ቅድመ አያቴ ይዘዋት ስለ ወጡት በቅሎ ስደርስ ከጥግ የተቀመጡት ታላቅ አክስቴ “ቦራ አልነበረችም፣ ዳማ ናት” አሉ። ሌላው ሁሉ ሣቀ። እኔ ግን በሳጥኑ ውስጥ ባለቤቱ ያልታወቀ ብዬ በለየሁት ፖስታ ውስጥ ዐድዋ ላይ የተጻፈ፣ የላይኛው ጫፉ ተቀድዶ የሻጩ ስም የጠፋበት የሽያጭ ወረቀት ነበረኝ፤ የሚነበበው “ዳማ በቅሎ አንድ ከነኮርቻዋ” የሚለው መስመርና የሁለት ምስክሮች ስም ብቻ ነበር። ከምስክሮቹ አንዱ የቅድመ አያቴ ጫኝ የነበረው ሰው ነው፤ ስሙን አክስቴ ሳላነብላቸው ተናገሩት። በማግስቱ ወረቀቱን ከዚያ ፖስታ አውጥቼ በምጽዋው ምዕራፍ መጨረሻ አስገባሁት፣ ከሥሩም የአክስቴን ስምና የተናገሩበትን ቀን ጻፍሁ።